ከመርዶ ሽሽት ኒው ዚላንድ ድረስ

ወንድሜ በሞተ ሳምንት እናቴን ይዤ ኒው ዚላንድ ለሽርሽር ሄድኩ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው አሁን ይዘገንነኛል። ያኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሻንጣ ሸከፍኩ፣ የእናቴን መድኃኒት በየከረጢቱ ለየሁ፣ ለብርድ የሚሆን ሹራብ ገዛሁላት።

ጉዞውን ያዘጋጀችው ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ያለችው ታላቅ እህቴ ነበረች። እናታችን አብራት ነው የምትኖረው። የልቧ ቧንቧ ጠቦ ስቴንት የሚሉት ማስፊያ ከገባላት በኋላ ሐኪሟ ትንሽ አየር ትቀይር ብሎ ነበር። እህቴ ተራራና ሐይቅ የሚያሳይ፣ የማኦሪን ሕዝብ ባህል የሚያስጎበኝ የብዙ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ አገኘችና ለራሷና ለእናታችን ትኬት ቆረጠች። ማክሰኞ ሊሄዱ ተቀጥረው ሳለ፣ ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ አዲስ አበባ ያለው ትንሹ ወንድማችን ተኝቶ ሳይነቃ ቀረ። ልብ ነው ተባለ። የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ወደዚህ ስትመጣ ቤቷን አደራ ብላ የተወችለት። በማግስቱ ተቀበረ። እናቴ አልሰማችም።

የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም፣ ለብቻም አይነግርም። ንስሐ አባት፣ ሽማግሌ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ ነው። እስከዚያ የሚያውቀው ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል። እህቴ፣ የንስሐ አባታችንና እኔ ቴሜስካል በሚባል ሰፈር አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ጥግ ይዘን፣ ማንም ያልነካው በያይነቱ ፊት ለፊታችን ሆኖ መከርን።

«ትኬቱን ካንስል ላድርገው በቃ» አለች እህቴ።

«ተይ፣ ይሂዱ» አሉ አባ። «እዚህ ከቆዩ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። አንዷ ድንገት ‹እግዚአብሔር ያጥናዎት› ብትላቸውስ? ልባቸው ገና አልጠናም። አንቺ አዲስ አበባ ሄደሽ ለቅሶውን ድረሺ። ስትመለሺ ሁላችንም ባለንበት ይረዳሉ።»

«እሺ፣ ማን ይዟት ይሂድ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ትችያለሽ» አለች እህቴ።

እውነቷን ነው። ኦክላንድ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ደም እቀዳለሁ። ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዤ «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል» እያልኩ ነው የምውለው፤ ፊቴ ላይ ምንም አይነበብም። እህቴ ግን ሲከፋት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴን ከሀበሻ ማራቅ ነበር ሥራው፣ ለዚያ ደግሞ ከኒው ዚላንድ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል። ስልኳን «እዚያ አይሠራም» ብዬ ቤት አስቀረሁባት።

ኤርፖርት ላይ «እህትሽስ?» አለች እናቴ።

«ለትሬኒንግ ቴክሳስ ላኳት። ሳይታሰብ ነው የነገሯት።»

«እኔ ልሄድ ስል? ምን አይነት ሥራ ነው እናንተ የያዛችሁት?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፍተሻው ገባች።

ማክሰኞ ማታ ተነስተን ሐሙስ ጠዋት አረፍን። እናቴ ይህን ስትሰማ መንገዱን ሁሉ ረሳችው።

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕ የለም እማዬ። ሰማይ ላይ እያለን አለፈ።»

«ጾሙንስ ማን ጾመው?»

መልሱን ራሷ አገኘች፤ ሐሙስን በረቡዕ ቦታ ተክታ ጾመች። ሆቴሉ ቁርስ ላይ ዳቦ በማርማላታ ስትበላ እኔ ከፊቷ ተቀምጬ እንቁላልና ቋሊማ በላሁ። ጣፈጠኝ። ወንድሜን ከቀበሩት ጥቂት ቀን ሆኖታል፣ እኔ ደግሞ ቋሊማ ጣፍጦኝ ሁለተኛ አነሳሁ።

አውቶቡሱ በጡረተኛ አውስትራሊያውያን የተሞላ ነበር። ሾፌሩ አስጎብኚም ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ በዚያ ብርድ ቁምጣ የሚለብስ ማኦሪ። እናቴን ገና እንዳያት «አንቲ» አላት፤ አክስት ማለቱ እንደሆነ ስነግራት ደስ አላት። «ሰው ያሳደገው ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ የአውቶቡሱ ፊተኛ ወንበር የእሷ ሆነ።

አገሩ ያምራል። ያምራል ስል በዓይኔ ያየሁትን እየተናገርኩ ነው፤ ሌላ ምንም አላስታውስም። አረንጓዴ ኮረብታ፣ በላዩ በግ፣ ከዚያ ሌላ ኮረብታ፣ ሌላ በግ። እናቴ አላርፍ አለች።

«እረኛቸው የታለ? ጠይቂልኝ እስቲ።»

ጠየቅኩላት። ሾፌሩ በማይክሮፎን ስቆ እረኛው አጥሩ ነው አለ። እናቴ ትንሽ አሰበች። «ጅብ የላቸውማ» አለች። «በግ ሆኖ መፈጠር እዚህ ነው።»

ሁልጊዜ ከእራት በፊት ሆቴሉ ውስጥ ኢንተርኔት ሳገኝ በእኔ ስልክ ለወንድሜ የድምፅ መልእክት ትቀዳለች። ስልኩን አፏ ላይ ልትጎርሰው እስኪመስል ታስጠጋዋለች። «የኔ ጌታ፣ እንዴት ዋልክ? ዛሬ በጀልባ ዋሻ ውስጥ ገባን። ጣራው ላይ ትል ያበራል። ትል ነው ያልኩህ። አንተ ብትሆን ፎቶ ላነሳ ስትል ጀልባው ጥሎህ ይሄድ ነበር።» ቀድታ ስትጨርስ ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔም እልከዋለሁ። አለመላክ እችል ነበር፣ ግን አላሰብኩትም፤ ላኪ ስትለኝ ላክሁ። መልእክቱ ስር መላኩን እንጂ መድረሱን የማያሳይ አንድ ምልክት ብቻ ይመጣና እዚያው ይቀራል።

«ሰማው?»

«ኔትወርክ ነው እማዬ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል።»

«መቼም ይሄ ልጅ ስልኩን ቻርጅ አያደርግ።»

ሮቶሩዋ የሚባለው ከተማ ስንደርስ እንፋሎቱ ከመንገዱ ዳር፣ ከሰው አጥር ስር ሁሉ ይወጣል። ድኝ ድኝ ይሸታል። «ፍልውሃ ነው እኮ!» አለች እናቴ፤ ከመጣን ጀምሮ እንዲህ ስትነቃቃ አላየኋትም። እግሯን ነከረች፣ ጉልበቷን አሸች። ወንድሜ ወገቡን ያመው ነበርና ለእሱም በውኃ መያዣዋ ቀዳችለት። ክዳኑ አልገጥም ሲላት ተቀብዬ አጠበቅኩላት።

በማግስቱ ሾፌሩ የራሱ ዘመዶች ወደሚኖሩበት መንደር ወሰደን። ከግቢው በር ውጭ ሞተሩን አጠፋና ማይኩን ትቶ መተላለፊያው ላይ ቆመ። እስከዚያ ቀን ሳይቀልድ ሲናገር አልሰማሁትም ነበር።

«አሁን ሴቶቹ ይጣራሉ» አለ። «የሚጣሩት እናንተን ብቻ አይደለም፣ የሞቱባችሁንም ነው። ሰው ወደ ሰው ግቢ ሲገባ ሙታኑን ይዞ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ አብረዋችሁ እየሄዱ ነው። መሀል ላይ እንቆማለን፤ ያኔ አስቧቸው። ወጉ ከእንግዶቹ ወገን አንዲት ሴት መልስ እንድትሰጥ ነው። ከእናንተ የሚያውቅ ስለሌለ የአጎቴ ልጅ ትመልስላችኋለች።»

እናቴ ክንዴን ነካች። «ምን አለ?»

«ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ሴቶች ይቅደሙ ነው ያለው።»

«ይህን ሁሉ አውርቶ?»

«ሴቶቹ ይጣራሉ አለ። እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ነው።»

የቀረውን ዋጥኩት። ሳልጨነቅ ነው የዋጥኩት።

ሣሩ ላይ ተሰልፈን ቆምን። ከፊታችን ግንባሩ ላይ ሰው የተቀረጸበት የእንጨት አዳራሽ አለ። ከደጁ ላይ ጥቁር የለበሰች አሮጊት ቆማለች። ድምፅ አወጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽቅብ የሚወጣና መጨረሻው ላይ የሚወድቅ ድምፅ። የሾፌሩ ዘመድ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እናቴ ቀደመቻት።

እልል አለች።

ያውም እንደ ሰርግ እልልታ፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። አሮጊቷ ቆም አለች። ከዚያ ዓይኗን እናቴ ላይ አድርጋ እንደገና ተጣራች። እናቴ እንደገና መለሰች። የሾፌሩ ዘመድ ፈገግ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ቦታውን ለእናቴ ለቀቀችላት። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ ሰልፉን ሁሉ አስከትላ፣ እናቴ የሰው ግቢ ውስጥ ገባች። እኔ አጠገቧ ቦርሳዋን ይዣለሁ። እናት ልጇ ሞቶ እልል ስትል የእኛ አገር ሰው ቢያይ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። እኔ ግን የእግሬን አረጋገጥ እያየሁ ነበር፤ ሣሩ እርጥብ ነበርና እንዳልንሸራተት።

መሀል ላይ ቆምን። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እናቴም እነሱን አይታ ደፋች። እኔም ደፋሁ፣ ስለ ምንም አላሰብኩም።

በኋላ በአፍንጫና በግንባር እየተነካካን ሰላምታ ሰጠን። አሮጊቷ እናቴ ዘንድ ስትደርስ ግንባሯን አስደግፋ ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ስትላቀቅ ጉንጯ ረጥቧል።

«ምን ሆና ታለቅሳለች?»

«ደስ ብሏት ነው እማዬ።»

የዚያን ቀን መልእክቷ ከሁሉም ረጅም ነበር። «ዛሬ እልል አልኩልህ። ጉሮሮዬ የተዘጋ ነበር የሚመስለኝ፤ ለካስ አለ። ለሰርግህ ነበር ያስቀመጥኩት፣ አንተ መች ታገባለህ። ግድ የለም፣ አላለቀም።»

ላክሁት።

እኛ ስንመለስ እህቴም ከአዲስ አበባ ተመልሳ ነበር። መርዶው በተቀጠረበት ዋዜማ ከእህቴ ቤት በላይ ያለችውን ጎረቤት አንኳኩቼ ነገ ማለዳ ጩኸት እንደምትሰማ፣ ሰው ሞቶብን እንጂ ጠብ እንዳልሆነ፣ ፖሊስ እንዳትጠራ ነገርኳት። በአክብሮት ሰማችኝ። ጎህ ሲቀድ ከኦክላንድ፣ ከሳን ፓብሎ፣ ከሄይዋርድ የመጣው መኪና የመንገዱን ዳር ሞላው። አባ በሩን አንኳኩ። እናቴ ራሷ ከፈተች። ጥቁር የለበሰውን ሰው ከአባ ኋላ ስታይ ምን ሆናችሁ አላለችም።

«የቱ ነው?» አለች። «ከልጆቼ የቱ ነው?»

ከዚያ ያለውን መጻፍ አልችልም።

ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ። እህቴ አልቅሳ ድምጿ ተዘጋ። እኔ የወረቀት ሳህን ገዛሁ፣ ቆሻሻ አወጣሁ፣ የለቀስተኛው መኪና እንዳይጎተት ፓርኪንግ አስፈቀድኩ። ሴቶቹ ጎንበስ ቀና ስል ያዩኛል። «ጠንካራ ናት» የሚሉ ነበሩ፤ የማይሉም ነበሩ። ፍራሹ ላይ አንዴም አልተቀመጥኩም።

ሰው ሳሳ ባለ ጊዜ እናቴ ጠራችኝ። እጄ ላይ ያለውን ሳህን ሳላስቀምጥ ሄድኩ።

«እዚያ አገር እልል ስል» አለች፣ ድምፅዋ ሻክሯል፣ «ሞቶ ነበር?»

«አዎ እማዬ።»

«ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ያ ሾፌር ያን ዕለት ብዙ ነበር ያወራው። ምን አለ?»

ነገርኳት። ሴቶቹ የሞቱብንንም እንደሚጠሩ፣ አብረውን እንደሚሄዱ፣ መሀል ላይ ቆመን እናስባቸው እንደነበር፣ አሮጊቷም ያለቀሰችው ለዚያ እንደሆነ። አንድም ሳላስቀር። እናቴ የነጠላዋን ጥለት ይዛ ሰማችኝ።

«እንግዲያ ልጄን ጠርተውልኛል» አለች። «የማያውቁት ሰዎች፣ በሰው አገር። እኔም ሳላውቅ እልል ብዬ ገብቻለሁ። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ዝም አልሽኝ።»

«ልብሽን ፈርተን ነው።»

«ልቤ የኔ ነው።»

ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«አንቺስ» አለች፣ «መቼ አለቀስሽ?»

«አላለቀስኩም።»

ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አለችልኝ። ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትከሻዋ ሙቀት ነበረው። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር ደረቴን ሲቀድደው ተሰማኝ፣ አመመኝ፣ ፈራሁ፣ የእሷንም ነጠላ ጨብጬ ያዝኩ።

«ወንድሜ ሞተ እኮ እማዬ» አልኳት፣ ገና እንደማትሰማ ሁሉ።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አለች።