ክብሪት ያሏት ልብስ ሰፊ

«ደመናው ሲከብድ፣ ልቤም ይከብዳል…» ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቶባታል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች የቀረላትን ታንጎራጉራለች።

የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ጡቷ ይጠዘጥዛታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል፣ ሆድ ይብሳታል፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች። የስፌት ቤቱ ሰዎች «ክብሪት» አሏት፤ በነዚያ ቀናት ውድ ጨርቅ አያስነኳትም፣ የተበላሸ ስፌት ያስተረትሯታል። እሷም ጠባዬ ክፉ ነው ብላ አመነች። ቤቷ ስትገባ፣ ለቁጣዋ ካሳ ይሆን ይመስል፣ ሁሉን አብልታ የተረፈውን ቆማ ትቀምሳለች።

ዛሬ ሲብስባት ጤና ጣቢያ ሄዳ ሕመሟን ብትነግራት፣ ነርሷ «እህቴ፣ ጠባይሽ አይደለም» አለቻት። «ከወር አበባ በፊት ሆርሞን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያንቺ አንጎል ለለውጡ ስስ ሳይሆን አይቀርም። ቁርጥ ያለ መንስኤው ገና አልታወቀም፤ ማስታገሻ ግን አለው።»

ማታ ለባሏ ነገረችው።

«እሰይ! ኩርፊያሽም ሐኪም አገኘ?» ብሎ ሳቀና ሳህኑን ገፋላት። «ጨምሪልኝ።»

«ስንት ዓመት ይቅርታ ስጠይቅህ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ምን ያምሻል?› አላልከኝም» አለችው።

ጭልፋውን ፊቱ አስቀምጣ፣ «እጅ አለህ» አለችው። ከዚያም ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ እንባዋ እየወረደ፣ የቀዘቀዘውን ምግብ መብላት ጀመረች።