የአረፋው ምሳ ዕቃ

ኮምቦልቻ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ካድሬዎች ወስደው ደሴ ሲያስሩኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነበር። ሰው ጀርባውን ያስደገፈበት ቦታ ሁሉ ወዝቶ ጠቁሯል። ቤተሰቦቼ ሩቅ ናቸው፤ የት እንዳለሁ አያውቁም። ምግብ የሚያመጣልኝ ስለሌለ እንደ እኔው ክርስቲያን የሆኑት የክፍሉ እስረኞች ከማዕዳቸው አስጠጉኝ። ድርሻዬ ግን ትንሽ ስለነበረች ጠግቤ አላውቅም።

ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ የሐርቡ ገበሬ ናቸው። ሌሎቹ ሙስሊሞች ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው እርሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ከስግደት ሲነሱ ደረታቸውን ይዘው ቆም ይላሉ። ስጠይቃቸው አባታቸውም ታላቅ ወንድማቸውም፣ በተለያየ ዓመት፣ የአረፋን ሥጋ በልተው ባደሩበት ሌሊት፣ ደረቴን ደረቴን እያሉ እንደሞቱ ነገሩኝ። የአገሩ ሰው ዓይን በልቷቸው ነው ብሏል። እኔ ደግሞ የተማርኩትን ነገርኳቸው፤ ስብ የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ደም ለሰዓታት ለመርጋት ያደላል፣ የልብ ሕመም በዘሩ ላለበት ሰው ትንሽ የረጋ ደም እንኳ ልብን የሚመግበውን ሥር ልትዘጋ ትችላለች አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። መድኃኒት አልነበረኝም፤ ያለኝ ይኸው ምክር ብቻ ነው።

አረፋ ደረሰ። ባለቤታቸው ከሐርቡ መጥተው በር ላይ የሰጡት ምሳ ዕቃ ገባ። የበግ ላት ከነሥጋው በቅቤ ተጠብሶ፣ ለብቻው ደግሞ እንጀራ ተጠቅልሎ ነበር። ሽማግሌው አዩት እንጂ አልነኩትም። እንዳይመልሱት፣ በዚያ ዘመን ምግብ ሳይበላ ከተመለሰ እስረኛው ተገድሏል ማለት ስለነበር ቤተሰብ ለቅሶ ይቀመጣል። ይደፋ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

“የአላህን ሪዝቅ፣ የሰጠኝን ሲሳይ አልደፋም፣ ልጄ” አሉኝ። “ብመልሰው ሞቷል ብላ ታለቅሳለች። ብበላው እውነትም እሞታለሁ።”

ምሳ ዕቃውን ከድነው ከፊታቸው አስቀመጡት።

ወሎ ውስጥ በሰርግም በለቅሶም አንለያይም፤ ሥጋችን ግን ለየብቻ ነው። ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም እንዲሁ። ይህን ማንም እንደ ጠብ አይቆጥረውም። ምሳ ዕቃውን ወደ ራሴ ሳብኩት። መራቤንም አልደብቅም።

“ተው፣ ሰዎችህ ያርቁሃል” አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“እርስዎ እንጀራውን ይብሉ፣ አባባ” አልኳቸው።

ክፍሉ ሁሉ እያየኝ እስኪያልቅ በላሁ። ባዶው ዕቃ ወጣ። ዘበኛው ተመልሶ ሴትዮዋ ዕቃውን ከፍተው አይተው፣ አመስግነው እንደሄዱ ነገረን። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጓደኞቼ አልሰደቡኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ድርሻዬን ለብቻ ቆርሰው ይሰጡኝ ጀመር። እኔና ሽማግሌው ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እየራሳችን እንበላ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌው ዕቃዎን ይዘው ይውጡ ተባሉ፤ ለመፈታት ይሁን ለመገደል የነገራቸው የለም። ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው በእግራቸው ወጡ። እኔም ከዚያ በኋላ ብቻዬን በላሁ።

ያን አረፋ ልባቸው አላቆመችም። በኋላ ሌላ ነገር አቁሟት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ከተፈታሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም፣ ዛሬም በሐርቡ ሳልፍ ከመኪና ወርጄ ለመጠየቅ አስብና ያስፈራኛል። ባለቤታቸው በሕይወት ካሉ ግን አንድ ነገር ብነግራቸው ደስ ይለኛል፤ ያን ሥጋ የበላሁት እኔ ነኝ፣ እጅዎ ይባረክ፣ በጣም ይጣፍጥ ነበር።