እናቴ ጫማዋን ያወለቀችበት ኮንሰርት

ሰሞኑን ሃዒር ሃዓቲቃ በሚባለው የቤር ሼቫ አሮጌ ሰፈር ውስጥ የመኪናዬን ጎማ ላስነፋ ቆሜ፣ አየሩ «ጽሽሽ» ሲል ልቤ ድንግጥ አለ። ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገርሽ? ኦርጋን ድምፅ ከማውጣቱ በፊት ልክ እንዲያ ይተነፍሳል።

ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ቦታ ማረፍ የማልችል፣ ስበላ እንኳ እግሬ ከጠረጴዛ ሥር የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለች ትቆጣኝ ነበር። የምንኖረው ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ሄ የሚባል ሰፈር ነው። እሷ ከእኛ በላይ ፎቅ ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት መታፔሌት ነበረች፤ ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች። አሮጊቷ ሩሲያ ሳሉ የኦርጋን መምህር ነበሩ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ዘንድ እየወጣሁ፣ የተቀቀለ ቀይ ሥር በሚሸተው ሳሎናቸው ኖታ ማንበብ ተማርኩ።

አንድ ቀን የድሮ ተማሪያቸው ከኢየሩሳሌም ደወለ። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ኮንሰርት ሊያቀርብ ነው፤ አሮጊቷም አንድ ሙዚቃ እንዲጫወቱለት ለመናቸው። እሳቸው በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሲጫወቱ የኖታውን ገጽ የምገልጥላቸው እኔ ነኝ! በደስታ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ።

«ቤተ ክርስቲያን?» አለች እናቴ።

«ኢማ፣ ዜ ራክ ኮንሰርት!» ኮንሰርት ብቻ እኮ ነው አልኳት።

«ለአንቺ ኮንሰርት ነው። እኔ ወንድሜን የቀበርኩት እዚያ ደጃፍ ላይ ነው።»

ወንድሟ አልሞተም። ጎንደር ሳሉ፣ እኛ ቤተ እስራኤሎች መሬት በማይሰጠን ዘመን፣ መሬት ላግኝ ብሎ ተጠመቀ። አያቴ በሕይወት ላለ ልጇ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ አብራው አልበላችም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ግን ቸኩያለሁ፤ የእናቴ ሐዘን መንገድ የዘጋብኝ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ያሸነፋት እኔ ሳልሆን ደረጃው ነው። ኦርጋኑ ያለው ሰገነት ላይ ነው፤ አሮጊቷ ደግሞ ያለ እናቴ ክንድ አንድ እርከን አይወጡም። «እማማን ለማን ልተዋቸው?» አለችና መጣች።

ሐሙስ ከሰዓት ደረስን። እናቴ ደፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከውስጥ የሰምና የቀዝቃዛ ድንጋይ ሽታ ይመጣል። እኔ «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» እላለሁ። ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች፤ አጋጥማም ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። አገር ቤት ወደ ጸሎት ቤታቸው የሚገቡት እንዲያ ነበር፤ ያወለቀችውም ሳታስበው ነው። በዚያ ሁሉ የተወለወለ ጫማ መካከል በካልሲ ገባች። ሰው ዞር ዞር እያለ አያት። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ወደ ሰገነቱ መውጣት ስንጀምር ፕሮግራም የምታድል አንዲት ሴት ጠጋ ብላ በዕብራይስጥ «ማን ናት?» አለችኝ።

«የአሮጊቷ መታፔሌት ናት» አልኳት።

እውነት ነው፣ ነበረች። እናቴ ከፊቴ ሁለት እርከን ከፍ ብላ አሮጊቷን ደግፋለች። አልዞረችም።

ኦርጋኑ ተነፈሰ፤ ከዚያ ድምፁ ወረደብን። አግዳሚው፣ መስታወቱ፣ ደረቴ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። አሮጊቷ አገጫቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉልኝ እገልጣለሁ። አንድም ገጽ አልሳትኩም፤ ግን ሙዚቃውን አልሰማሁትም።

ስንወጣ ያችው ሴት እናቴን በር ላይ አገኘቻት።

«ልጅቷ እንዴት ጎበዝ ናት! ዘመድሽ ናት?»

እናቴ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። ቀና ሳትል «ሎ» አለች፤ አይደለችም። «የእማማ ተማሪ ናት።»

አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሜያለሁ።

አውቶቡስ ውስጥ አሮጊቷ አንቀላፉ። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «እኔ በእግሬ ነው የሰማሁት» አለችኝ። «ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ።» ይቅርታ ልላት ቃል ስፈልግ ቤር ሼቫ ደረስን፤ እሷም አሮጊቷን ልታወርድ ተነሣች። እናቴ ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ እንዳላፍር ብላ።