ለጡረታዬ ስል የጾምኩት ጾም

ዛሬ እዚህ ሰው አገር፣ ኮሎሎ ሰፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የጋበዘኝ ጎልማሳ ለራሱ ጥብስ፣ ለእኔ ሽሮ አዘዘ። ሳይጠይቀኝ! ጾም እኮ አይደለም፣ ማክሰኞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቡጎሎቢ ፍላት በሚባሉት አፓርታማዎች ስንኖር፣ እኔና ባለቤቴ ለጡረታችን እንቆጥብ ብለን ሥጋ ተውን። እንግዳ ሲመጣ እንዳናፍር "የፈቃድ ጾም ይዘናል" እያልን ሽሮ አቀረብን።

ችግሩ፣ ሐበሻው አመነን።

"እንዲህ ያለ ጾመኛ ከየት ይገኛል?" ተባለና፣ ንሳምብያ ሆስፒታል የሐበሻ ወንድ ልጅ በተወለደ ቁጥር ክርስትና አንሺው እኔ ሆንኩ። የክርስትና አባት ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ከሥጋ የተረፈው ገንዘብ ሁሉ በሕፃን ልብስና በአንገት ሐብል አለቀ።

የዛሬው ጋባዤ ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ ነው። "አባባ፣ ጡረታ ወጡ አሉኝ። ከእንግዲህ ምሳዎ በእኔ ነው" ሲለኝ እንባዬ መጣ።

ወዲያው አስተናጋጇን ጠራት። "አባባ ሥጋ በአፋቸው አይዞርም። በመጡ ቁጥር ሽሮ ስጪያቸው፣ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ።"

እናንተስ፣ ቁጠባ ምን አድርጓችሁ ያውቃል? እስኪ ጻፉልኝ፤ ሽሮዬን እየበላሁ አነባለሁ።