ዮሴፍ ሦስቴ እስኪጠየቅ

ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ሰው አገር ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለችውን ምግብ ቤቴን ሳልከፍት ወጣሁ። ታምሜ እንኳ እንደማልዘጋ ደንበኞቼ ስለሚያውቁ እንዳይደነግጡ ብዬ በሩ ላይ «ለአገር ጉዳይ ወጥቻለሁ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ውሸት አይደለም። የእድራችን ሊቀመንበር ዮሴፍ ለጋርዴና ከተማ ምክር ቤት እየተወዳደረ ነው፤ የካምፔይኑ ኃላፊ ደግሞ እኔ ፅጌ ነኝ። ማን ሾመሽ ብትሉኝ ራሴ ነኝ።

የጉዞው ዓላማ አንድ ነው። ከተራራው ማዶ ያለች አንዲት ትንሽ የገበሬ ከተማ ከንቲባዋ ፋርዛና የምትባል ሴት ናት። ወላጆቿ ከፓኪስታን የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ያደገችው እዚሁ ጋርዴና፣ አባቷ ቤንዚን ማደያ ውስጥ ነው። የጋርዴና ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «የማደያው ልጅ» እያሉ ያነሷታል። እሷ «ዮሴፍን ምረጡ» ካለች ከተማው ይሰማታል። ካላለች አለቀልን፤ ዮሴፍን ከእድሩና ከሚሠራበት ፓርኪንግ ውጪ ማን ያውቀዋል? ለመራጩ የምንበትነው ፍላየር ዛሬ ማታ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ለእሷ ስምና ፎቶ የተተወው ቦታ ባዶውን ተቀምጧል።

የሚነዱልን ጋሼ መኮንን ከፓልምስ ሰፈር በራሳቸው መኪና መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስልክ መንገድ ሲያሳያቸው አይወዱም፤ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ሲላቸው «አንተ መች ተወለድክና!» ብለው ይቆጡታል።

405 አውራ ጎዳና ላይ እንደ ልማዱ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ጋሼ መኮንን መሪውን ለቀው ወሬ ጀመሩ።

«እኔን የሚገርመኝ፣ ኤርፖርት ታክሲ ይዤ ስሰለፍ ከፊቴ ፓኪስታኒ፣ ከኋላዬ ፓኪስታኒ ነበር። ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ጠጥተናል። ዛሬ ግን እንግሊዝ ፓርላማ ብትሄጂ አሉ፣ ስኮትላንድ አሉ፣ ካናዳ አሉ፣ ኖርዌይ እንኳ በዚያ ብርድ አሉ! እኛስ?»

«እኛ እድር አለን» አልኩ።

«እሱንም ለሁለት ከፍለነዋል!»

ዮሴፍ ከኋላ ተቀምጦ ከረባቱን ያጠብቃል፣ ያላላል። ልጁ ወርቅ ነው፤ ችግሩ ጨዋነቱ ነው። የእድር ሊቀመንበር የሆነውም በዚሁ ጨዋነቱ ነው። ስንጠቁመው «ኧረ እኔ አልችልም» አለ። ደግመን ስንጠቁመው «ሌላ ሰው ይሻላል» አለ። በሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ «እናንተ ካላችሁ» ሲል በጭብጨባ መረጥነው። እኛ ዘንድ ወንበር ሲሰጡት ቶሎ እሺ ያለ ሰው ይጠረጠራል።

«ስማኝ ዮሴፍ፣ ዛሬ መግደርደር የለም። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል!» አልኩት።

«እሺ እትዬ።»

«ጋሼ፣ እርስዎም እባክዎን 'ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል' የምትለዋን ተረት ከንቲባዋ ፊት እንዳይተርቷት።»

«ምን ቆርጦኝ!» አሉና እስከ ተራራው ድረስ አኮረፉ።

ከተራራው ወዲያ

ግሬፕቫይን የሚባለውን ዳገት ስንጀምር ጋሼ መኮንን «መኪናዋ ይደክማታል» ብለው ኤሲውን አጠፉት። እኛ ስንደክም ግድ የላቸውም። የዮሴፍ ነጭ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ መሬቱ ለጥ አለ፤ በግራም በቀኝም የወይን ማሳ ነው። ከማሳው ወዲያ ነዳጅ የሚስቡት ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቃሉ።

«እያቸው» አልኩት ዮሴፍን፣ «እሺ እሺ እያሉ ነው። ተማር።»

መንገድ ዳር ከአንዲት ሜክሲኳዊት አንድ ሳጥን ወይን በአሥር ዶላር ገዛሁ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ጋሼ መኮንን ኩርፊያቸውን ረስተው እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሲሰዱ መታሁባቸው። ቁርስም አልበላንም፤ የሰው ቤት ማዕድ ጠግቦ መቅረብ ነውር ነው ብዬ ከልክያቸው ነበር።

ከንቲባ ሲባል ቤቷ ስንደርስ በር ላይ ጠባቂ ምናምን ጠብቀን ነበር። በጂንስ ሱሪ ራሷ ከፈተችልን። ሳሎኑ ውስጥ ነጭ ሻሽ ጣል ያደረጉ እናቷ ተቀምጠዋል፤ «አሚ» ትላቸዋለች። ወይኑን ሲያዩ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ምን ላምጣላችሁ? ሻይ? የሚበላ ነገር?» አለች ከንቲባዋ።

«ኧረ ምንም አያስፈልግም፣ ጠግበናል» አለ ዮሴፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ኦኬ» አለችና ተቀመጠች።

ተቀመጠች! ጋሼ መኮንን አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ሆዳቸው ሲጮህ እኔ ጋ ይሰማል። እናትየው ግን ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ጓዳ ገቡና በትሪ ወተት ያለው ሻይና ሳምቡሳ ይዘው ተመለሱ። ሳምቡሳ፣ ያው የኛው ሳምቡሳ! «ድንች ነው፣ ድንች» እያሉ ሳህናችንን ሞሉት። ዮሴፍ «አይ፣ በቃኝ» ሲል እንዳልሰሙ ሆነው ሁለት ጨመሩለት።

«ይቺ የኛ ሴት ናት» አሉ ጋሼ መኮንን በአማርኛ፣ አፋቸው ሞልቶ።

ከንቲባዋ ተጫዋች ናት። «ስወዳደር የአባቴ ጓደኞች ሁሉ 'ዶክተር ሁኚ እንጂ ምን ፖለቲካ አሉሽ' ይሉኝ ነበር» አለችን። «በር አንኳኩቼ 'ድምፅዎን ይስጡኝ' ማለት በጣም አሳፍሮኝ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፤ እዚህ አገር ያልጠየቀ የፈለገ አይመስልም።» እኔ ዮሴፍን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ታዲያ ለምን ትወዳደራለህ?»

«እኔ እንኳ ብዙም አላሰብኩትም ነበር፤ ሰዎች ገፋፍተውኝ ነው» አለ። «ሌሎቹ ተወዳዳሪዎችም በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

በስመ አብ! ከረባቱን ይዤ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

«ስሜንና ፎቶዬን ፍላየርህ ላይ እንድታወጣ ትፈልጋለህ?» አለችው ደግነቷ።

«ኧረ አይሆንም፣ ላስቸግርዎ አልፈልግም።»

«ኦኬ» አለች እንደ ሻዩ ጊዜ። «ውሳኔህን አከብራለሁ። መልካም ዕድል!» ተነስታ ጨበጠችን፣ በሩም ተዘጋ።

መኪናው ውስጥ

ጋሼ መኮንን ሞተሩን ሊያስነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ! ተራራ የተሻገርነው 'አይሆንም' ልትላት ነው?»

«ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ነው እኮ!» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ማን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል?»

እኔስ ብሆን በአንድ ጥያቄ እሺ ብዬ አውቃለሁ? አናደደኝም፣ አሳዘነኝም።

ይህን ስንባባል መስኮቱ ተንኳኳ። አሚ ናቸው፣ የተረፈውን ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልለው አመጡልን። ኩርፊያችንን አይተው «ምን ሆናችሁ?» አሉኝ። በዚህ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው፦ እኛ አገር 'አይ' የሚባለው እስኪለመኑ ነው፤ ልጅዎ ግን አንዴ ጠይቃ ተወችው።

አሚ ሳቁ። ሳቁና ወደ ቤቱ ዞረው ተጣሩ፤ ከንቲባዋ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። እናትና ልጅ በቋንቋቸው ተባባሉ። አሚ ሦስት ጣት አንስተው ልጃቸውን ሲገሥጹ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በእንግሊዝኛ «የባለቤቴ ቤተሰቦች እኔን ለጋብቻ ሲጠይቁ አባቴ ሁለቴ እምቢ ብሎ መልሷቸዋል። በሦስተኛው ነው እሺ ያለው» አሉኝ።

«እንደኛ ሽማግሌ!» ብዬ ጮህኩ።

ከንቲባዋ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች፣ ሳቋን እየታገለች። «ዮሴፍ፣ ስሜን ልስጥህ?»

«ኧረ ይተዉት፣ ሥራ ላበዛብዎ...»

«ሁለት» አሉ ጋሼ መኮንን።

«ዮሴፍ፣ ስሜን ልስጥህ?»

ዮሴፍ ከረባቱን አላላ። «አዎ» አለ። «እፈልጋለሁ።»

«ለምን?»

«እቤታችን ፊት ለፊት ያለው ዜብራ የትራፊክ መብራት የለውም» አለ ዮሴፍ። «እናቴ ገበያ ስትወጣ እኔ ሥራ ቦታዬ ላይ ስልኬን ጨብጬ እቆማለሁ፤ ተሻግራ እስክትደውልልኝ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። መብራት ይተከል ብዬ የምክር ቤቱን ሰዎች ደጋግሜ ለመንኳቸው፣ ሰሚ የለም። እኔ ከገባሁ አስተክለዋለሁ። ይህን ከሌሎቹ የተሻለ እሠራለሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ሳውቀው ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ ሲናገር መጀመሪያዬ ነው። እንባዬ መጣ። ጋሼ መኮንንም መስታወት የሚያስተካክሉ መስለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«መጀመሪያ ይህን ብትለኝ ኖሮ ሳምቡሳውን ሳንጨርስ እንስማማ ነበር» አለች ከንቲባዋ፤ ፎቶዋንም እዚያው ቆማ ከስልኳ ላከችልን።

ፌርፋክስ

ስንመለስ ኤሲው ዳገት ላይም አልጠፋም፤ ጋሼ መኮንን ያን ያህል ደስ ብሏቸዋል። ዮሴፍ ፍላየሩን ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ለማተሚያ ቤቱ ላከ። ፌርፋክስ ደርሰን በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነሳሁና ለሦስታችን ጥብስ ሠራሁ።

ሥልጣን በፓስፖርት፣ ከየት መጣህ ተብሎ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ፓኪስታኖቹም ቤታቸው ሲሆኑ እንደኛው ይግደረደራሉ፤ አደባባይ ሲወጡ ግን 'እፈልጋለሁ' ማለትን ለምደዋል። እኛም ብንለምደው አይገድለንም።

ዮሴፍ የቀረበለትን ሲጨርስ ብረት ምጣዱን ይዤ ቆምኩ። «ልጨምርልህ?»

«አዎ፣ ጨምሪልኝ» አለ።

'በሞቴ' ልል አፌን ከፍቼ ነበር፣ እንደተከፈተ ቀረ። ደስ ብሎኝ የቀረውን ሥጋ ሁሉ ገለበጥኩለት ማለት ይቻላል። ጥቂት ቁራጭ ተርፋ ነበርና ወደ ጋሼ መኮንን ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ልጨምርልዎ?»

«ኧረ ጠግቤያለሁ» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«ኦኬ» አልኩና ምጣዱን ይዤ ወደ ጓዳ ሄድኩ።

«ፅጌ!» ብለው ጮሁ ከኋላዬ። «ፅጌ፣ ተመለሽ! እኔ እኮ አልተወዳደርኩም!»