ዳልቻው በሬ እሑድ ሲጠመድ

አባቴ ዳልቻውን በሬ የሸጡት ወገባቸው እርሻ አልችል ሲላቸው ነው። እኔ ሞፈሩን ትቼ ደብረ ታቦር ገብቻለሁ፤ ግጥም እጽፋለሁ፣ ሥራ እቀያይራለሁ፣ አንድ ቦታ መርጋት አላውቅም። ገዢ አልጠፋም ነበር፤ የሁሉም ዐይን ግን ሥጋው ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የገበሬ ኑሮ የሚያሳይ ሙዚየም ተከፈተ፣ ከብትም ይገዛል ሲባል ደስ አላቸው። «አይታረድም፤ ሰው እያየው ያረጃል» አሉኝ በስልክ።

ከወራት በኋላ ናፈቃቸውና ሊያዩት ከጉና ተራራ ወረዱ። ዕለቱ እሑድ ነበር። አስቀድሰን፣ ቁርስ ቀምሰን፣ በባጃጅ ሄድን።

ግቢው ሰፊ ነው። ያለው ነገር ሁሉ ስሙ ተጽፎበታል። የላሟ በረት ላይ «ላም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሳነብላቸው አባቴ «ማን ጠፍቶት ነው?» ብለው ሳቁ። በጎቹ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን በአንዱ በግ ጸጉር ውስጥ ከተው፣ «እነዚህ የኛ አገር ናቸው፤ ምን ቆላ አወረዳቸው?» አሉ። ለእሳቸው ደብረ ታቦርም ቆላ ነው።

የዳልቻው በረት ግን ባዶ ነበር። ከጭድ ክምሩ ጀርባ የጅራፍ ድምፅ ሰማን። ዞረን ስናይ በገመድ የተከለለ ቁራጭ መሬት አለ፤ ዙሪያውን ሰው ስልኩን ደግኖ ቆሟል። መሀል ላይ ዳልቻው ከአንድ ቀይ በሬ ጋር ተጠምዷል።

አባቴ ቀጥ አሉ። «ዛሬ እሑድ አይደለም እንዴ?»

በኛ አገር በሰንበት በሬ የሚጠምድ የለም። ሰንበት የሻረ በረዶ ይጠራል ይባላል፤ በረዶው ደግሞ የጠራውን ሰው ማሳ ብቻ ለይቶ አይመታም። ዳልቻው ከወይፈንነቱ ጀምሮ እሑድ ቀንበር ነክቶት አያውቅም።

«አንተ ቃል አታጣም፤ ንገራቸው» አሉኝ።

አስጎብኚዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። ነገርኋት።

«አውቃለሁ ወንድሜ፤ እኔም ከቅዳሴ ነው የመጣሁት። ግን ጎብኚ የሚመጣው እሑድ ነው። ሰኞማ ማን አለ?» ወደ አባቴ ዞራ ድምፅዋን አለዘበች። «አባባ፣ ይኼ እኮ እርሻ አይደለም፤ ዘር አይዘራበትም። ማሳያ ነው።»

«ማሳያ መሆኑን በሬው በምን ያውቃል፣ ልጄ?»

ልትስቅ ብላ ተወችው። «እኔ ታዛዥ ነኝ አባባ» አለች።

ስለ ዕረፍት፣ ስለ እንስሳ ነፍስ ብዙ የሚያምር ነገር መጣልኝ። አንዱም ቀንበር የሚያወርድ አልነበረም።

አራሹን አዲስ የፈትል ልብስ አልብሰውታል። «እኔ የምር ገበሬ ነኝ፤ ሚስቴ ግን ተዋናይ ሆነሃል እያለች ትስቅብኛለች!» አለና ሰዉን አሳቀ። ከዚያ «ሃ!» አለ። ቀዩ ተራመደ። ዳልቻው አልተነቃነቀም። የአባቴን ድምፅ ሰምቶ ኖሯል፤ አንገቱን ከነቀንበሩ ወደ እኛ አዙሮ ቆመ።

«ፎቶ ፈልጎ ነው!» አለ ከሰዉ አንዱ።

የመጀመሪያው ጅራፍ አየር ላይ ጮኸ። ሁለተኛው ጀርባው ላይ አረፈ። የአባቴ ትከሻ ሲሸማቀቅ አየሁ።

«አባዬ፣ እንሂድ።»

«እኔ ስሄድ መመታቱ ይቀራል?»

ጅራፉ ደግሞ ተነሣ። አባቴ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ያርሱ በነበሩበት ዘመን ድምፅ ተጣሩ፤ «በል ዳልቻው! ሂድ የኔ ጌታ፣ ሂድ!»

ዳልቻው ሄደ። አፈሩ ተሰነጠቀ። ዳር ደርሶ በዞረ ቁጥር ቆም ይላል፤ አባቴ ይጣሩለታል፤ ይሄዳል። ሰዉ አጨበጨበ። አራሹ ላቡን እየጠረገ፣ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ! ምነው በየሳምንቱ በመጡልኝ!» አለ። ከልቡ ነው።

በሬዎቹ ሲፈቱ አስጎብኚዋ ወደ ዳልቻው እንዲጠጉ ጋበዘቻቸው።

«ከሰዓትም ይጠመዳል?» ብለው ጠየቋት።

«አዎ አባባ፤ ከባሕር ዳር የሚመጡ አሉ።»

«እንግዲያው አያሽትተኝ። እዚህ ያለሁ መስሎት ይቆምና ይመቱታል።»

እስኪያስገቡት ድረስ ከጭዱ ጀርባ ተከልለው ቆዩ። እኔም አብሬያቸው ቆምሁ።

ባጃጁ ውስጥ እንደገባን፣ «ዛሬ ያረስሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«አንቱማ እንዳይመታ ብለው ነው።»

«ለነፍስ አባቴ እንደዚያ ብዬ ልንገራቸው?»

የምር ነበር የጠየቁኝ። ፊቴን እያዩ መልስ ጠበቁ። ባጃጁ የቤተ ክርስቲያኑን በር አልፎ ቁልቁል ወረደ፤ አባቴ እንደ ልማዳቸው ወርደው ሊሳለሙ ሹፌሩን አቁም አላሉትም።