እማማ በረኪና ያጠቡት ጉርድ

እማማ በረኪና በዩኒቨርሲቲያችን የሴቶች ማደሪያ ምድር ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ አጥበዋል። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም በሌላ ስም የጠራቸውን ሰው ዞር ብለው አያዩትም። ምድር ቤቱ ጠባብ ነው። ሦስት የሲሚንቶ ገንዳ፣ አንዱ ሁልጊዜ የሚበላሽ ሁለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ያላስለቀቅሁት እድፍ የለም እያሉ ይኮራሉ። ሲኮሩ ደግሞ አይጣል ነው።

እኔ የተማሪዎች ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው እሳቸውንም፣ ነገሩ የደረሰባትን ልጅም ጠይቄ፣ ሁለቱም እሺ ካሉኝ በኋላ ነው። ስም አትጥሪ ብለውኛል፤ አልጠራም።

ልጅቷ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እኔ ጋ የመጣችው በተደፈረች በዘጠነኛው ቀን ነበር። ያደረገው የጥናት ቡድናቸው መሪ ነው፤ ሌሎቹ እስኪመጡ እንጀምር ብሎ በሩን ቆለፈው፣ ሌሎቹ ግን ጭራሹኑ አልተጠሩም ነበር። የሚደረገውን ሁሉ አደረግሁላት። ግን ዘግይታለች። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ እርግዝና የሚከላከለውም ከአምስት ቀን ወዲያ አይረባም። ደግነቱ አላረገዘችም፤ የሌላውን ውጤት ግን ወራት መጠበቅ ነበረባት። የዚያን ቀን የለበስሽው ልብስስ አልኳት። ታጥቧል አለችኝ። ማን እንዳጠበው ብጠይቃት አልናገርም አለች። እሷ ከወጣች በኋላ በሩን ዘግቼ ያጠበውን ሰው ረገምኩት። በሆዴ አይደለም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው።

ልጅቷ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አመለከተች። ልጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀረበና አጥንተን በሰላም ተለያየን አለ። ኮሚቴው የሷ ቃልና የሱ ቃል ብቻ ስለሆነ እስከ ዓርብ ሌላ ማስረጃ ካልመጣ መዝገቡን እንዘጋለን አለ። መዝገቡ ከተዘጋ ልጅቷ ትምህርቷን ጥላ ልትሄድ ወስናለች፤ ሻንጣዋን ሸክፋ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ነበር።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ሥልጠና ነበረኝ። ለተማሪዎች አራት ዓመት ስሰጠው የኖርኩትን የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት ዘንድሮ ዲኑ ለሠራተኛውም ስጪ አለኝ። ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ አትክልተኛው ሁሉ አዳራሹን ሞላው። ኮንዶም እንዴት እንደሚደረግ ማን ያሳየናል ስል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። እማማ በረኪና ከኋላ ተነሥተው መጡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ኪስ ስፈትሽ ኖሬ ይኼ ይጠፋኛል ብለሽ ነው አሉና ፓኬቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠጉት። የሚያበቃበትን ቀን ሳታዪ ነው የሰጠሽኝ ብለው መለሱልኝ። እውነትም ጊዜው አልፎበታል። ወጥ ቤቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም አፍሬ ሌላ ፍለጋ ቦርሳዬን አገላበጥኩ።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍል አለፍኩ። የተደፈረች ልጅ ወደናንተ ብትመጣ እመኗት፣ በጥያቄ አታስጨንቋት፣ ከፈቀደች ቶሎ ወደ ክሊኒክ አምጧት አልኩ። ከመመርመሯ በፊት ገላዋን ባትታጠብ ይሻላል፤ ልብሷ አይታጠብም፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፣ ማስረጃ ነውና። ስንት ጊዜ ያልኩት ነገር ስለሆነ እንደ ልማዴ አነበነብኩት።

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እማማ በረኪና ቆመዋል። ፊታቸው ዓመድ መስሏል።

"ሲስተር፣ ከታጠበስ?"

ከታጠበማ አብዛኛው ይጠፋል አልኩ፣ ገና ምንም ሳይገባኝ።

"በቀዝቃዛም በሙቅም ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነስ?"

ያኔ ክው አልኩ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ሥልጠናውን እንዴት እንደጨረስኩት ዛሬም አላውቅም።

ክሊኒክ ወስጄ አስቀመጥኳቸው። እንደነገሩኝ፣ ነገሩ በደረሰባት ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ምድር ቤቱን ሊከፍቱ ሲመጡ ልጅቷን በሩ ላይ ተቀምጣ አገኟት። አልጠየቋትም። አስገብተው ውሃ አሞቁላት፣ ሳሙናና ፎጣ ሰጧት፣ የራሳቸውን ጋውን አለበሷት፣ እስክትታጠብ ድረስ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቆሙላት። ከዚያ ግራጫ ጉርዷን ሁለት ጊዜ አጠቡት። የተገነጠለውን ዚፕ መለሱ፣ የተቀደደውን ጎን ሰፉ፤ ግራጫ ክር ስላልነበራቸው በሰማያዊ ሰፉት። ተኩሰው አለበሷትና ሸኟት።

"እድፉን ሳስለቅቅላት የደረሰባትንም ያስለቀቅሁላት መሰለኝ" አሉኝ።

እንግዲህ የረገምኩት ሰው እኚህ ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ልብሱን አትጠቡ ብዬ ስለፈልፍ፣ ለአጣቢዋ መንገር እንዳለብኝ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። ጥፋቱ የሳቸው ሳይሆን የኛ የአስተማሪዎቹ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ የሰሙኝም አይመስለኝም። ክሱን ግቢው ሁሉ ሰምቶት ነበርና ብድግ ብለው አሁኑኑ ኮሚቴው ጋ ልሂድ አሉ። ያለሷ ፈቃድ የትም አይኬድም ብዬ አስቀመጥኳቸው። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ አይተሽ ሳትናገሪ ማስረጃ አጠፋሽ ተብለው ሊባረሩ እንደሚችሉም አልደበቅኋቸው። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ለሷ ይጠቅማታል ወይ ብለው ብቻ ነው። እርግጠኛ አይደለሁም አልኩ።

ልጅቷን አግኝቼ ነገርኳት።

"ያልተናገርኩት እሳቸውን እንዳላስባርር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ለምን ሄድሽ ይለኛል። እሳቸው ብቻ ናቸው ያላሉኝ።"

ከፈለጉ ይምጡ አለችና ሻንጣዋን ፈትታ ጉርዱን አወጣችልኝ።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ፊት ቀረብን። ሰብሳቢው በቀን ይህን ሁሉ ልብስ እያጠቡ አንዱን ጉርድ እንዴት ያስታውሱታል ብሎ ጠየቃቸው። አነጋገሩ አላማረኝም። እማማ በረኪና ጉርዱን ተቀብለው ገለበጡትና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"ጌታዬ፣ ዚፕ ሲያረጅ ጥርሱ ነው የሚረግፈው። ይኼ ከነጨርቁ ተገንጥሎ ነው የመጣልኝ። ጎኑም ቢሆን ስፌቱ አልተተረተረም፣ ጨርቁ ነው የተቀደደው። በሰማያዊ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደሙንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ ቅጡኝ፣ እሷን ግን ዋሸች አትበሏት።"

ሦስቱ ለብቻቸው ቆዩና ተመለሱ። መዝገቡ አይዘጋም፤ ልጁ ከግቢ ይታገዳል፤ ልጅቷ ፈቅዳለችና ጉዳዩ ከነጉርዱ ለፖሊስ ይተላለፋል ተባለ። ልጅቷ ወንበሯ ላይ እንዳለች አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

ልንወጣ ስንል ከአባላቱ አንዷ፣ የሕግ መምህሯ፣ ለመዝገቡ ያህል የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ አለች።

"እንዲህ ያለ ልብስ ሲመጣልዎት ይኼ የመጀመሪያው ነው?"

እማማ በረኪና አዎ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አልዘጉትም። እጃቸው በቀስታ ከጭናቸው ላይ ተነሣና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። የአንድ እጃቸው ጣት አለቀ። ወደ ሌላው ተሻገሩ። እሱም አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ያዙ።

"ስማቸውን አላውቀውም፣ ልጄ" አሉ። "ልብሳቸውን ግን እያንዳንዱን አስታውሰዋለሁ።"

እኔ አራት ዓመት ክሊኒኬን ከፍቼ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ የተደፈሩ ልጆች ይመጣሉ ብዬ ስጠብቃቸው ኖሬያለሁ። እነሱ ይሄዱ የነበረው ምድር ቤት ነው።